በለገጣፎ የቀመስሁት ነጭ ሻይና የሒሳቡ ነገር

ከውጭ ለዕረፍት የሚመጡ ወገኖቼ ከከተማው ግርግር ወጣ ብለው ወደ ለገጣፎ መሄድን እየለመዱ በመሆናቸው፣ በዚያ አካባቢ በተከፈተ አንድ አዲስ ሻይ ቤት የገጠመኝን፣ ደጉንም ክፉውንም ሳላስቀር ልጽፍላቸው ወደድሁ። የቤቱን ስም የማልጠቅሰው የአንድ ገንዘብ ያዥ ጥፋት የሌሎቹን ሠራተኞች እንጀራ እንዳይነካ ብዬ ነው።

ያዘዝሁት አናናስ፣ ፓፓያ፣ ማንጎና ኮኮናት የተቀላቀለበት ነጭ ሻይ ነበር። ነጭ ሻይ ከጥቁሩና ከአረንጓዴው የተለየ ተክል አይደለም፤ ከዚያው ከሻይ ተክል ገና ያልተፈታው እንቡጥና ለጋው ቅጠል ተለቅሞ፣ ሳይታሽ እንዲጠወልግና እንዲደርቅ ብቻ ይደረጋል። ስመ ጥሩው የሚመጣው ከቻይና የፉጂያን ግዛት ነው። ጣዕሙ ስስ ስለሆነ ፍራፍሬ ሲበዛበት በቀላሉ ይዋጣል። በምኖርበት በሃምቡርግ ገዝቼ የጠጣኋቸው እንዲህ ያሉ ቅይጦች ከርከዴ ስለሚበዛባቸው ቀለማቸው ደም መስሎ ይኮመጥጣሉ፤ ሻዩ የት እንደገባም አይታወቅም።

በዚህኛው ግን ከርከዴ የለበትም። አስተናጋጇ ደረቁን ቅጠል በትንሽ ሳህን አምጥታ አሳየችን። እንቡጦቹ ብርማ ለስላሳ ጸጉር የለበሱ ናቸው፤ በመካከላቸው ስኳር የተቀቡ የአናናስና የፓፓያ ቁራጮች፣ በስሱ ተልጦ የተጠቀለለ ኮኮናትም ይታያል። የማንጎ ቁራጭ ግን ፈልጌ አላገኘሁም፤ ሽታው የሚመጣው ከተጨመረ ማጣፈጫ መሆኑ ግልጽ ነው። ቅጠሉም ፍራፍሬውም ተቀላቅሎ ታሽጎ ከውጭ እንደሚገባ ነገረችን። የአርባ ምንጭ ማንጎና የሲዳማ አናናስ፣ የውሽውሽና የጉማሮ ሻይ ባለበት አገር ይህን መስማት አሳዝኖኛል።

የመጀመሪያው በራድ ተበላሽቶ ነው የመጣው። እየተንተከተከ ያለው ውሃ ቅጠሉ ላይ ተገልብጦበት፣ ከዚያም እሳት ላይ እንደተጣደ ቆይቷል። በከፍታው ምክንያት አዲስ አበባና ዙሪያዋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም፣ ለነጭ ሻይ ይህም ይበዛበታል፤ የሚስማማው ከ75 እስከ 85 ዲግሪ ያለው ነው። ከኮኮናቱ የወጣው ቅባት በላዩ ላይ ክብ ክብ ሠርቶ ተንሳፍፎ ነበር። አብረውኝ የነበሩት አክስቴ አንድ ጊዜ ፉት ብለው «ልጄ፣ ይህንስ አልችለውም፤ እንደ ኮሶ መረረኝ» አሉ።

አስተናጋጇን ጠርቼ ነገሩን ሳስረዳት ቅር ሳይላት «ችግር የለውም፣ እንደገና ይሠራል» ብላ በራዱን አነሣች። ውሃውን አፍልታ፣ ክዳኑን ከፍታ ጥቂት አበረደችው፤ ከዚያ በኋላ ነው ቅጠሉ ላይ ያፈሰሰችው። ሁለተኛው በራድ ፈጽሞ ሌላ ሻይ ነበር። ቀለሙ ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ መጀመሪያ የማንጎው ሽታ አፍንጫን ይሞላል፣ ከዋጡት በኋላ ደግሞ የቅጠሉ የራሱ ጣፋጭነት ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ኮኮናቱ የሚታወቀው በመጨረሻ ነው። ያለ ስኳር ሻይ የማይጠጡት አክስቴ የስኳሩን ዕቃ ሳይነኩት ብርጭቋቸውን ጨረሱ። በሃምቡርግም ቢሆን እንዲህ ያለ አልጠጣሁም።

ሒሳብ ስጠይቅ ግን በብጣሽ ወረቀት በእስክሪብቶ 1,138 ብር ከ50 ሳንቲም የሚል ድምር ብቻ መጣልኝ። በምግብ ዝርዝሩ ላይ የአንዱ በራድ ዋጋ 400 ብር ነው። ገንዘብ ያዡን ብጠይቀው ሁለት በራድ 800 ብር፣ ለተጨማሪ ብርጭቆ 100 ብር፣ በዚያም ላይ 10 በመቶ የአገልግሎትና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው አለኝ። የመጀመሪያውን ያበላሹት እነርሱ ናቸው፤ የብርጭቆ ክፍያ የሚባል ደግሞ በዝርዝሩ ላይ የትም አልተጻፈም። ይህንኑ ስነግረው «ጋሼ፣ ውጭ አገር ለምትኖሩት ይቺ ምን አላት?» ብሎ መለሰልኝ። ከገንዘቡ ይልቅ የከነከነኝ ይህ ንግግር ነው። ሰው በብርድና በሌሊት ፈረቃ ያገኘውን ይዞ ወገኖቹን ለማየት ሲመጣ፣ በገዛ አገሩ እንደ ባዕድ ሊታለብ አይገባውም።

የማሽን ደረሰኝ ካልተቆረጠልኝ አልከፍልም አልሁ። መጀመሪያ የማሽኑ ወረቀት አልቋል ተባለ፤ ቀጥሎ ኔትወርክ የለም፤ ቀጥሎ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ይጠበቅ ተባለ። ፀሐይዋ ጠልቃ ብርዱ ሲበረታ አክስቴ ነጠላቸውን ተከናንበው «ተወው ልጄ፣ ክፈልና እንሂድ» ማለት ጀመሩ። እንዲህ ያለው ሒሳብ የሚከፈለው በዚህ ድካም የተነሣ መሆኑን ስላወቅሁ እንቢ አልሁ። በጀርመን በዝርዝር ላይ የሚጻፍ ዋጋ ታክሱን ያካተተ ስለሆነ እንግዳ የሚከፍለውን አስቀድሞ ያውቃል። በመጨረሻ ደረሰኙ ሲቆረጥ አንድ በራድ 400፣ አገልግሎት 40፣ ታክስ 66፣ በድምሩ 506 ብር ሆነ። ማሽኑ ውስጥ ሊገባ ያልቻለው 632 ብር ከ50 ሳንቲም ወዴት ሊሄድ እንደነበረ አንባቢ ይፍረድ። ገንዘብ ያዡ ይቅርታ አልጠየቀም፤ በር ድረስ ሸኝታ ይቅርታ የጠየቀችን አስተናጋጇ ናት፤ ጉርሻዋንም በእጇ ሰጠኋት።

ሻዩን ለመቅመስ የምትሄዱ ሁሉ ውሃው ከፈላ በኋላ ጥቂት በርዶ እንዲፈስስበት ስታዙ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በብጣሽ ወረቀት የሚመጣላችሁንም ሒሳብ የማሽን ደረሰኝ ሳታዩ አትክፈሉ።