የተበጠሰ ድሪና የቀረ ዶቃ፦ በሽሮ ሜዳ ያሠራኋቸው ሦስት ጌጦች

በየቤቱ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አይጠፋም፤ ብስኩቱ ካለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ውስጡ ግን የተበጠሰ ዶቃ፣ አቻው የጠፋ ጉትቻ፣ ቁልፍና ክር ተቀላቅሎ ተቀምጧል። የእኔም ቆርቆሮ ከአያቴ ወደ እናቴ፣ ከእናቴም ወደ እኔ ሲተላለፍ ይዘቱ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አልመጣም። ባለፈው ጥቅምት ሁሉንም እንዳለ ይዤ ወደ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። በዚያ ከሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ፣ ደንበኛ ይዞት የሚመጣውን የተረፈ ዶቃና ቁርጥራጭ ወደ አዲስ ጌጥ የምትለውጥ አንዲት ባለሙያ ከሁለት ረዳቶቿ ጋር ትሠራለች። ያሠራሁት የአንገት ጌጥ፣ አምባርና ጉትቻ ነው። ሦስቱንም ለአምስት ወራት ያህል እያደረግሁ ስላየኋቸው፣ እንደ እኔ ያለ ቆርቆሮ በቤታቸው ላለ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ የታዘብኩትን እጽፋለሁ።

ባለሙያዋ ዕቃውን የተቀበለችበት መንገድ ገና ከመነሻው ልቤን አሳርፎታል። ቆርቆሮውን በሰፌድ ላይ ገልብጣ፣ እኔው ፊት፣ በዓይነት በዓይነቱ እየለየች ቆጠረችው፤ 14 ድቡልቡል የብር ዶቃዎች፣ 9 ትልልቅ ቢጫ ዶቃዎች፣ 22 ከጥይት ቀለህ የተሠሩ የናስ ዶቃዎች፣ 11 ዛጎሎች፣ አቻ የሌላቸው 5 ጉትቻዎች። ጨሌው ለቆጠራ የማይመች ስለሆነ በሚዛን ተመዘነ። ዝርዝሩን በሁለት ወረቀት ጽፋ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። የቤተሰብ ዕቃን ለሰው እጅ አሳልፎ መስጠት የሚያሳስበው ሰው የዚህን ወረቀት ዋጋ ያውቀዋል። ከዚህ ቀደም በሌላ ቦታ ዶቃ አስጠግኜ ስቀበል ሁለት የብር ፍሬ ጎድሎ ነበር፤ ስንት እንደሰጠሁ የማሳይበት ነገር ስላልነበረኝ ዝም ብዬ ተመለስኩ።

አሮጌዎቹን ክሮች ከዶቃው ውስጥ እየመዘዘች ወደ መጣያው ስትጥል ግን ደነገጥኩ። «ልጄ፣ ይህ እኮ አያቴ የሰካችበት ክር ነው» ስላት፣ «እትዬ፣ ዶቃው ይኖራል፤ ክሩ ግን ዕድሜውን ጨርሷል» አለችኝና ጥጡን በሁለት ጣቷ ሳብ ብታደርገው አንዳች ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ተበጠሰ። ከተረፈ ነገር ጌጥ ለሚሠራም ሆነ ለሚያሠራ ዋናው ነገር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዶቃው የቱንም ያህል ያረጀ ሊሆን ይችላል፣ የሚሸከመው ክር፣ መቆለፊያና መንጠቆ ግን አዲስ መሆን አለበት። ባለሙያዋ ይህን ሕግ በአንገት ጌጡ ላይ ሙሉ በሙሉ አክብራዋለች፤ በጉትቻው ላይ ግን ጥሳዋለች።

ዘጠኙ ቢጫ ዶቃዎች በቤተሰባችን ዘንድ ሁሉም አምበር ናቸው ተብሎ ሲታመን የኖረ ነው። ባለሙያዋ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ፣ ጨው ከዚህ በላይ አልሟሟም እስኪል ድረስ በጠበጠችና ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ጣለቻቸው። ሰባቱ ወደ ታች ሰመጡ፤ ሁለቱ ተንሳፈፉ። አምበር የጥንት ዛፍ ሙጫ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ጠንክሮ የሚፈጠር በመሆኑ ክብደቱ ቀላል ነው፤ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ቢሰምጥም ጨው በጠገበ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። አምበር መስለው ወደ አፍሪካ በብዛት የገቡት፣ ከባክላይት ዓይነት ፕላስቲክ የተሠሩት ዶቃዎች ግን ይሰምጣሉ። መንሳፈፍ ብቻውን ማረጋገጫ እንደማይሆን፣ ገና ብዙ ዘመን ያላስቆጠረ ሙጫና አንዳንድ ሌላ ፕላስቲክም እንደሚንሳፈፍ ሳልጠይቃት ነግራኛለች። ደንበኛን ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ነግሮ መሸኘት ቀላል ስለሆነ፣ ይህን ማለቷን ከሙያዋ ታማኝነት ቆጥሬዋለሁ። የሰመጡት ሰባቱም በአያቴ አንገት ወዝ የለሰለሱ ናቸውና በእኔ ዘንድ ክብራቸው አልቀነሰም።

ብዙ ሰው ከተረፈ ዶቃ ጌጥ ሲሠራ የሚሳሳተው በብዛት ካለው ነገር በመጀመሩ ነው። ጨሌው ብዙ ስለሆነ በጨሌ ይጀምራል፤ መሀል ላይ ሲደርስ ትልልቁ ዶቃ አልበቃ ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ ያገኘውን ሁሉ ይሰካል፤ ውጤቱም ቅሪት መሆኑ ከሩቅ የሚያስታውቅ ዝብርቅርቅ ይሆናል። እዚህ ግን ንድፉ የተጀመረው በጥቂቱ ነው። 7 ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ፣ ከቢጫዎቹ ትልቁ መሀል ላይ ገብቶ ሦስት ሦስቱ እንደ መጠናቸው እያነሱ በግራና በቀኝ ተሰለፉ። 14ቱ ብሮች ለሰባቱ ሁለት ሁለት ስለሚደርሱ፣ እያንዳንዱ ቢጫ ዶቃ በግራና በቀኙ አንድ አንድ ብር ኖረው። ከ50 ሳንቲ ሜትሩ ርዝመት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ትልልቁ ዶቃ አለቀ፤ የቀረው ቦታ ሁሉ የጨሌ ሆነ።

ጨሌው ራሱ መጠኑ አንድ አልነበረም። የጨሌ መጠን በቁጥር ይጠራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው ያንሳል፤ 6 ቁጥር 4 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን 11 ቁጥር 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእኔ ቆርቆሮ የሦስት ትውልድ ድብልቅ ስለሆነ ሁሉም መጠን ነበረበት። እሷም ትልልቁን ከብሩ አጠገብ፣ ትንንሹን ወደ ማጅራት አድርጋ፣ ችግር የነበረውን ልዩነት ሆን ተብሎ የተመረጠ አስመሰለችው። ቀለሙን ግን ቀንሳ ቀዩንና ነጩን ብቻ ወሰደች፣ አረንጓዴውን ተወችው። ያን ዕለት ቅር ብሎኝ ነበር፤ ጌጡን በአንገቴ አድርጌ በመስታወት ሳየው ግን አረንጓዴው ቢገባበት ኖሮ ቢጫው ይጠፋ እንደነበር ገባኝ።

ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት ከውጭ የማይታየውን ሥራ ነው። የብር ዶቃዎቹ ከሁለት ግማሽ ተበይደው የተሠሩ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ናቸው፤ የቀዳዳቸውም ጠርዝ እንደ ምላጭ የሰላ ኖሯል። የአያቴን ክር ዓመት በዓመት ሲበጥስ የኖረው ይህ ጠርዝ ነው። ባለሙያዋ እንደ መርፌ የቀጠነ ክብ ሞረድ በእያንዳንዱ ቀዳዳ እያስገባች ሦስት አራት ጊዜ አዞረችው፤ ከዚያም የጥጥ ክር አሳልፋ ወዲያና ወዲህ ፈተገችው፤ ክሩ ሳይጎፈር ሲወጣ ብቻ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። አንዱ ዶቃ ላይ አራት ጊዜ ስትመለስ ቆጥሬያለሁ። የቢጫዎቹ ቀዳዳ ደግሞ በተቃራኒው በጣም ሰፊ ስለሆነ፣ በቀጭን ክር ላይ ሲሰካ ዶቃው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ለዚህ መላ ያገኘችው ከአረንጓዴው ጨሌ ነው፤ ጥቂት ፍሬዎች በክሩ ላይ ሰክታ ቢጫውን በላያቸው አሳለፈችውና ጨሌው በቀዳዳው ውስጥ ተሸሽጎ ዶቃውን መሀል ለመሀል ያዘው። የተጣለ የመሰለኝ አረንጓዴ እንዲህ ሆኖ በጌጡ ሆድ ውስጥ ቀርቷል።

ክሩ ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ተገምደው ናይሎን የለበሱበት ዓይነት ነው። ጫፉ አይቋጠርም፤ በመቆለፊያው ቀለበት ዞሮ ሲመለስ ትንሽ የብረት ቱቦ ይገባበትና በፒንሳ ይጨፈለቃል። ጥጥን ላብ ያበሰብሰዋል፣ ተራ ላስቲክም በፀሐይና በዕድሜ ይሰነጣጠቃል፤ ይህ ክር ከሁለቱም የተሻለ ነው። ነገር ግን አንዴ ከታጠፈ እጥፋቱ ስለማይለቅ ጌጡ ተዘርግቶ ወይም ተሰቅሎ እንጂ ተጠቅልሎ መቀመጥ የለበትም። በየዶቃው መካከል እየቋጠሩ መስካት የሚባል ሌላ ዘዴም አለ፤ ክሩ ቢበጠስ አንድ ፍሬ ብቻ ስለሚወድቅ ለከበረ ዕቃ ተመራጭ ነው። ቋጠሮው በቀዳዳው እንዳያልፍ ግን ቀዳዳው ጠባብ መሆን ስላለበት ለእኔ ቢጫዎች የሚሆን አልነበረም።

ሞረዱን ስታዞር አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ብሩ ተጨዋወትን። በአገራችን አንጥረኞች ለመስቀልና ለድሪ ሲያቀልጡት የኖሩት ብር በአብዛኛው ጠገራ ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ እሷ ከሞተች በኋላ በየትኛውም ዘመን ቢመታ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የሚታተምበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ገንዘብ። የአያቴ ዶቃዎችም ከዚያው የወጡ መሆናቸው በቤታችን ይነገራል። እንግዲህ እነዚህ 14 ፍሬዎች ከገንዘብነት ወደ ድሪ፣ ከድሪ ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ እንደገና ወደ አንገት ተሻግረዋል ማለት ነው። የተረፈን ነገር ጌጥ ማድረግ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚሉ ወጣቶች ስለማጋጥም ይህን ማንሳት ፈለግሁ። ቦረናዎች ያረጀ የአሉሚኒየም ድስት አቅልጠው ዶቃ ያወጣሉ፤ በታችኛው ኦሞ የሚኖሩት ዳሰነቾች የጠርሙስ ቆርኪ ደርድረው የራስ ጌጥ ይሠራሉ፤ በእንጦጦም ሴቶች ከቀለጠ የጥይት ቀለህ በወጣ ዶቃ ጌጥ ይሠራሉ። ቀለህ 70 በመቶ ያህሉ መዳብ፣ የቀረው ዚንክ የሆነ ናስ በመሆኑ ሲወለወል ወርቅ የሚመስለው ለዚህ ነው።

አምባሩ የተሠራው ከነዚሁ 22 የናስ ዶቃዎችና ከ5 ዛጎሎች ነው። መልኩ ደስ ይላል፤ በተለይ ልብስ ሰፊዎቹ ቆርጠው ከሚጥሉት የጥለት ጫፍ የተሠራችው ማሰሪያ ለሽሮ ሜዳ የምትመጥን ናት። ሆኖም ዶቃዎቹ የተሰኩት በላስቲክ ላይ ነበር፤ ናስ ከባድ ስለሆነ ላስቲኩ ሦስት ወር ሳይሞላው ተለጥጦ አምባሩ ከእጄ ይወልቅ ጀመር። መልሼ ስወስደው ያለ ክፍያ በሰም በታሸ ጠንካራ ክር ቀየረችልኝ፤ ከመጀመሪያው እንዲህ ቢሆን ግን አንመላለስም ነበር።

ጉትቻው ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚህ የከበደ ነው። በጨው ውኃ ላይ የተንሳፈፉት ሁለቱ ቢጫዎች ቀላል ስለሆኑ ለጆሮ መመረጣቸው ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሳደርጋቸው ያደረግኋቸው አይመስለኝም። መንጠቆዎቹ ግን አቻ ከጠፋባቸው ሁለት አሮጌ ጉትቻዎቼ ላይ ተነቅለው የተገጠሙ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ጆሮዬ ቀላ፣ ቆይቶም ውኃ ቋጠረ። የርካሽ ጌጥ ብረት ብዙ ጊዜ ኒኬል ስላለበት፣ በተለይም ላዩ የተቀባው ሲላጥ፣ የብዙ ሰው ቆዳ አይቀበለውም። ስነግራት ተቆጭታ ይቅርታ ጠይቃኛለች፤ «ያለዎትን ልጠቀም ብዬ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። ቅንነቷን አልጠራጠርም። ነገር ግን የአያቴን ክር ያለ ርኅራኄ የጣለች ሴት የዛገ መንጠቆ በሕይወት ባለ ሥጋ ውስጥ እንዲገባ መፍቀድ አልነበረባትም። በብር መንጠቆ ከተቀየረ በኋላ ጆሮዬ ደኅና ሆኗል። ለቅያሪው ያስከፈለችኝን 300 ብር ባታስከፍለኝ ግን ተገቢ ነበር።

ለሥራው የከፈልኩት ለአንገት ጌጡ 1,200፣ ለአምባሩ 350፣ ለጉትቻው 400 ብር ነው። ክሩና መቆለፊያው በዚህ ውስጥ ይገባል። የሞረዱን ሥራ ቁጭ ብሎ ላየ ሰው የአንገት ጌጡ ዋጋ አይበዛም፤ አምባሩን በዚያው ዋጋ እዚያው አካባቢ አዲስ መግዛት ይቻላል። በሳምንት ይደርሳል ተብዬ በ12ኛው ቀን ተቀብያለሁ፤ ስልክ ተደውሎ ስለተነገረኝ አልተጉላላሁም። ስለ አያያዙ የሰጠችኝ ምክርም ሳይጠቀስ የሚታለፍ አይደለም፤ ብሩን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ እንድወለውለው፣ ሎሚ ደግሞ ፈጽሞ እንዳላስነካ አስጠንቅቃኛለች። ሎሚ ናሱን ቢያጠራም የዛጎሉን ገጽ ይበላዋል፤ ሁለቱ በአንድ አምባር ላይ ስላሉ አንዱን ሲያጸዱ ሌላውን ማበላሸት ይመጣል።

ዕቃዬን ስቀበል የተረፈው በትንሽ ከረጢት ተመልሶልኛል፤ 6 ዛጎሎች፣ 3 ነጠላ ጉትቻዎች፣ መንጠቆ የሌላቸው የሁለቱ ጉትቻዎች ፈርጥ፣ የቀረውም ጨሌ ተመዝኖ። ከእጄ ካለው ወረቀት ጋር አስተያይቼ አንድም ሳይጎድል አገኘሁት። ልጄ ዛጎሎቹን ለሹሩባዋ ጌጥ ትፈልጋቸዋለችና ከፋሲካ በኋላ ወደዚያችው ባለሙያ ይዘን እንሄዳለን፤ ክሩን ግን አስቀድሜ ራሴ ገዝቻለሁ።