ሦስት የሳይንስ ፊክሽን ፊልሞች በአስፈሪ ፊልም ወዳጅ ሚዛን

አስፈሪ ፊልም የሚወዱ ሰዎች ከማይስማሙባቸው ጉዳዮች ዋነኛው የሳይንስ ፊክሽን ፊልም በእርግጥ ሊያስፈራ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። አንደኛው ወገን ፍርሃት የሚወለደው ከማይታወቀው ነገር ነው ብሎ ያምናል፤ መንፈሱ ለምን በዚያ ቤት እንደሚመላለስ ወይም እርግማኑ ከማን እንደ ጀመረ ሳይነገረን ሲቀር ነው መብራት ማጥፋት የሚከብደን፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ተመራማሪ ብቅ ብሎ ነገሩን ማስረዳት ከጀመረ ግን ጨለማው ተገፈፈ ማለት ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ በመንፈስ ስለማያምን መንፈስ አያስፈራውም፤ እንቅልፍ የሚነሳው አእምሮው «ይህ እኮ ሊሆን ይችላል» ብሎ የሚቀበለው ነገር ብቻ ነው።

የሁለቱም ስሜት ይገባኛል። ሆኖም ማብራሪያ ሁሉ አንድ አይደለም ባይ ነኝ። ለባለታሪኮቹ መውጫ የሚከፍት ማብራሪያ ፍርሃቱን ይገድለዋል፤ መውጫቸውን የሚዘጋ ማብራሪያ ግን ያባብሰዋል። ከዚህ በታች ሦስት ታዋቂ ፊልሞችን በዚህ ሚዛን አያለሁ፤ ወሳኝ ትዕይንቶችን ስለማነሣ ፊልሞቹን ያላየ ሰው አስቀድሞ ቢያያቸው ይሻላል።

ሪድሊ ስኮት አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው «ኤሊየን» ብዙ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች የሚታረቁበት ፊልም ተደርጎ ይጠቀሳል። ታሪኩ ኖስትሮሞ በምትባል የጭነት መንኮራኩር ላይ የሚሠሩ ሰባት ባልደረቦችን ይከተላል፤ እነዚህም ስለ ክፍያቸው የሚነጫነጩ ተራ ሠራተኞች ናቸው። የመንፈስ ታሪክ ወዳጆች ፊልሙን የሚወዱት ጠፈሩን ረስተው ነው ማለት ይቻላል፤ ጠባቡ መተላለፊያ፣ የሚንጠባጠበው ውኃና የሚወዛወዘው ሰንሰለት ሁሉ ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁት መንፈስ ያደረበት ቤት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ ኤች. አር. ጊገር የነደፈው ፍጡር በጠቅላላው የሚታየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ልብሱን ለብሶ የተወነው ቦላጂ ባዴጆ ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ቀጭን ናይጄሪያዊ ስለ ነበር፣ ተመልካቹ ከልብሱ በስተጀርባ ሰው እንዳለ ለማሰብ ይቸገራል።

በእኔ ግምት ግን የፊልሙ ትልቁ ጥበብ ያለው ፍጡሩ የአንዱን ባልደረባ ደረት ቀዶ ከሚወጣበት ታዋቂ ትዕይንት ቀደም ብሎ ነው። ፍጡሩ ገና በመጀመሪያ ትንሽ ቅርጹ ኬን በሚባለው ባልደረባ ፊት ላይ ተጣብቆ ሳለ አንዱን እግሩን ሊቆርጡት ሲሞክሩ የሚፈሰው ደም ወለሉን ይበሳዋል፤ ባልደረቦቹም አሲዱ የመንኮራኩሯን የውጭ አካል ከበሳ ሁሉም እንደሚያልቁ ስለሚያውቁ ከፎቅ ወደ ፎቅ እየወረዱ ይከታተሉታል። አሲዱ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ተመልካቹ ግን በዚህች አጭር ሩጫ አንድ ሕግ ተምሯል፤ ይህን ፍጡር ማቁሰል የሚኖሩበትን ቤት መብሳት ነው። ከዚያ በኋላ «ለምን አይተኩሱበትም?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ይህ ንጹሕ የሳይንስ ፊክሽን ማብራሪያ ነው፤ ያለ እሱም ፍርሃቱ ግማሹን ባጣ ነበር። ጉድለቱን ካነሣን፣ በማምለጫዋ ትንሽ መንኮራኩር ውስጥ በሚካሄደው መጨረሻ ፍጡሩ ከሚገባው በላይ ይታያል፤ እስከዚያ ድረስ በጥንቃቄ የተደበቀው ልብስም ልብስ መሆኑ ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ1986 በጄምስ ካሜሮን አዘጋጅነት የወጣው ተከታዩ ክፍል የታጠቁ ወታደሮችን ያመጣል፤ ጠመንጃቸውም ይገድላል። እጅግ የተዋጣለት የውጊያ ፊልም ነው፤ የመጀመሪያውን የሚያመልኩ የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች ግን ለምን እንደሚቀዘቅዛቸው መረዳት አያዳግትም፤ ተዘግቶ የነበረው በር ተከፍቷልና።

ከሦስቱ አብልጬ የምወደው የጆን ካርፔንተርን «ዘ ቲንግ» ነው። ጆን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ይህ የ1982 ፊልም፣ በአንታርክቲካ የምርምር ጣቢያ ውስጥ ያሉ አሥራ ሁለት ወንዶችን ያገኘውን ሕያው አካል በትክክል ከሚመስል ፍጡር ጋር ያፋጥጣቸዋል። ብሌር የተባለው ተመራማሪ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሲያሰላ የሚታይበት ትዕይንት አለ፤ ከባልደረቦቹ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ የመያዙ ዕድል 75 በመቶ ነው፤ ፍጡሩ ሰዎች ወደሚኖሩበት ምድር ከደረሰ ደግሞ ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ በ27,000 ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም ከሦስት ዓመት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ፣ የዓለም ሕዝብ በሙሉ ይያዛል። ድምፅ የለም፣ ደም የለም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የውጭ እርዳታ መጥራት ራሱ ጥፋት ይሆናል። ብሌርም ሄሊኮፕተሩንና የሬዲዮ መገናኛውን ሲሰባብር እብድ ይመስላል፤ ተመልካቹ ግን ስሌቱን አይቶታልና ልክ መሆኑን ያውቃል።

የደም ምርመራው ትዕይንት ደግሞ ይህን አሠራር ወደ ጫፉ ያደርሰዋል። የጣቢያው ሄሊኮፕተር አብራሪ ማክሬዲ የፍጡሩ እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ለማዳን የሚታገል ሕያው ነው ብሎ ይገምታል፤ ስለዚህ ከየሰው የተወሰደውን ደም በጋለ ሽቦ ቢነካው፣ የፍጡሩ ደም ከእሳቱ መሸሽ አለበት። ሰዎቹ ታስረው ተቀምጠዋል፤ ሽቦው ይግላል፣ ደሙን ይነካል፣ ጭስ ብሎ ይበርዳል፤ አንድ፣ ሁለት፣ እንደገና። ማክሬዲ በጣም የሚጠረጥረውን ጋሪን መጨረሻ ላይ እንደሚመረምረው እየነገረው ሳለ፣ ዓይናችንም ጋሪ ላይ እንዳለ፣ የሌላው ሰው ደም ጮኾ ከሳህኑ ይዘላል። ምርመራው በትክክል ይሠራል፤ የሚያስፈራውም መሥራቱ ነው፤ መልሱ የተገኘው ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዳንዶቹም ከፍጡሩ ጎን ታስረው ሳለ ነውና።

የልዩ ውጤት ባለሙያው ሮብ ቦቲን በእጅ የተሠሩ ጎማና ፈሳሽ የሞላባቸው ምስሎች ግን የሁሉም ምርጫ አይሆኑም። ፍጡሩ ሳይታይ ቢቀር የሚመርጡ ተመልካቾች እዚህ ከመጠን በላይ ታየብን ቢሉ አልፈርድባቸውም። ፊልሙ የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ ደግ እንግዳ ፍጡር «ኢ.ቲ.» የሰውን ሁሉ ልብ በማረከበት በዚያው ወር ነበር፤ አቀባበሉም ቀዝቃዛ ሆነ። እኔ በበኩሌ እንደ ጉድለት የምቆጥረው ሌላ ነገር ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ ሰዎች ቢያንስ አራቱ ስማቸውና መልካቸው ሳይለይ ይሞታሉ።

የዴቪድ ክሮነንበርግ «ዘ ፍላይ» (1986) ከሁለቱ የተለየ ተመልካች ይፈልጋል፤ በሥጋ መበላሸት የሚደነግጠውን። ሳይንቲስቱ ቁስን ከቦታ ቦታ በሚያስተላልፈው ማሽን ውስጥ ከዝንብ ጋር መዋሐዱን የሚነግረው የራሱ ኮምፒውተር ነው፤ ይህን ካወቀ በኋላ የሚለማመነው መንፈስ፣ የሚፈታው እርግማን የለም። ከሰውነቱ የወደቁትን ክፍሎች በመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ውስጥ አሰልፎ ማስቀመጡ ከማንኛውም ጩኸት ይበልጥ ይከብዳል። ፊልሙ በሜካፕ ጥበቡ ኦስካር ተሸልሟል፤ ተዋናዩ ጄፍ ጎልድብለም በዚያ ሁሉ ሽፋን ውስጥ ሰውዬውን እስከ መጨረሻው እንድናዝንለት ማድረጉ ግን ለእኔ ከሜካፑ ይበልጣል። ድንገተኛ ድንጋጤ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ይሰለቸዋል፤ የታመመ ሰው ያስታመመ ደግሞ ላይችለው ይችላል።

መንፈስና እርግማን የሚመርጥ ሰው በ«ኤሊየን» ቢጀምር፣ «ሊሆን የሚችል» ነገር ብቻ የሚያስፈራው ደግሞ በ«ዘ ቲንግ» ቢጀምር እመክራለሁ። «ኤሊየን»ን የሚመርጥ ሰው ሁለት ቅጂዎች መኖራቸውን ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የዳይሬክተሩ ቅጂ ቀድሞ ተቆርጦ የነበረ ትዕይንት መልሷል፤ በዚህ ትዕይንት ከሰባቱ ባልደረቦች አንዷ የሆነችው ሪፕሊ ካፒቴን ዳላስን ከነሕይወቱ ተጠፍሮ ታገኘዋለች፤ ፍጡሩ የያዛቸውን ሰዎች ምን እንደሚያደርጋቸውም እንረዳለን። ትዕይንቱ ለብቻው ሲታይ ዘግናኝ ነው፤ ነገር ግን መንኮራኩሯ ልትፈነዳ ሰዓት እየተቆጠረ ሪፕሊ በምትሮጥበት ደቂቃ ገብቶ ሩጫውን ያቆመዋል፤ የሚሰጠው ማብራሪያም ቀድሞ ያልተዘጋ አንድም በር አይዘጋም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በ1979 ለሲኒማ የቀረበውን ቅጂ ይምረጥ።