«ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» እየተባለ የሚሸጠውን ቫይታሚን እንዳትገዙ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ባቲ ያላችሁ፣ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ ወይም በቴሌግራም «ከአሜሪካ የመጣ» እየተባለ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠውን ኦሜጋ 3 (የአሳ ዘይት)፣ ቫይታሚን ሲና መልቲቫይታሚን ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

መጀመሪያ ቀኑ። ብልቃጡ ላይ 06/2025 ተጽፏል። ሻጩ «እኛ ገና 2018 ላይ ነን፣ ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ይላል። ቀልድ ይመስላል፤ ሰው ግን እየገዛበት ነው። የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2017 ላይ አብቅቷል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት በእኛ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ ጳጉሜ እስኪያልቅ ደግሞ 8 ደምሩና ብልቃጡ ላይ ካለው ዓመት ጋር አስተያዩ። 06/03/2026 ዓይነት ሲያጋጥማችሁ ደግሞ የአሜሪካ ዕቃ ወሩን፣ የአውሮፓው ቀኑን እንደሚያስቀድም አትርሱ።

ቀኑ ደህና ቢሆን እንኳ አላለቀም። ያ ቀን የሚሠራው ብልቃጡ ሳይከፈት፣ ላዩ ላይ በተጻፈው ሙቀት ከተቀመጠ ነው፤ ብዙ ጊዜ «ከ25 ዲግሪ በታች» ይላል። ዕቃው ግን በሚሌ በረሃ በኩል በጭነት መኪና መጥቶ፣ ባቲ ወይም ኮምቦልቻ ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ከርሞ፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ቀዝቀዝ ይላል። ስትነኩት ቀዝቃዛ ነው፤ የሞቀው ታሪኩ ግን ውስጡ ተጽፏል። የአሳ ዘይቱን ብልቃጥ ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ፍሬዎቹ ለየብቻ ከተንኳኩ ጥሩ። ድብ ብሎ አንድ ላይ ከመታ የፍሬዎቹ ሽፋን ለስልሶ ተጣብቆ እንደገና ደርቋል ማለት ነው፣ ዘይቱም አብሮ ሞቋል። ቀድሞ ገዝታችሁ ከሆነ አንዷን ፍሬ በመርፌ ውጓትና አሽትቱ። ቀለል ያለ የአሳ ሽታ ያለ ነው፤ እንደ ቀለም ወይም እንደ ከረመ ዘይት ከሸተተ ግን ተበላሽቷል። የሎሚ ጣዕም የተጨመረበት ይህን ሽታ ስለሚሸፍን በአፍንጫ ብቻ አትመኑ።

ውሃ ውስጥ ሲጨመር አረፋ እያወጣ የሚሟሟው ቫይታሚን ሲ ጠላቱ እርጥበት ነው። ቱቦው ካበጠ ወይም ክዳኑ በራሱ ከተነሳ አትንኩት። ነጭ የነበረ የቫይታሚን ሲ ክኒን ቡናማ ነጠብጣብ ካወጣ ቫይታሚኑ እየሞተ ነው። ፕሮባዮቲክ ደግሞ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው፤ «ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ» የሚል ተጽፎበት ከፀሐይ ዳር መደርደሪያ ላይ አንስተው ከሰጧችሁ፣ በነፃም ቢሆን አትውሰዱት።

ከሁሉ የከፋው በቁጥር የሚሸጠው ነው። ሻጩ 300 ፍሬ የሚይዘውን ብልቃጥ ከፍቶ በትንንሽ ላስቲክ 30፣ 30 እያሰረ ያቀርባል። የባች ቁጥር (አብሮ የተመረተው ዕቃ መለያ) የለ፣ ማብቂያ ቀን የለ፣ ብርሃን የሚከላከለው ጠቆር ያለ ብልቃጥ የለ፣ እርጥበት የምትመጠው ከረጢት እዚያው ሻጩ ጋ ቀርታለች። ፎሊክ አሲድ ለማርገዝ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም የምትወስደው የጽንሱ አከርካሪና አንጎል በደህና እንዲሠራ ነው። ብርሃንና እርጥበት የጎዳው ፍሬ መልኩ ሳይለወጥ መጠኑ ሊጎድል ይችላል፤ እሷ ግን የወሰደች ይመስላታል። የምንቆጣው ከብሩ ይልቅ በዚህ ነው።

ደህናውን ገዝቶ ቤት ውስጥ የሚያበላሽም አለ። ቡና የሚፈላበት፣ ምጣድ የሚጣድበት ቦታ፣ መታጠቢያ ቤትና የመስኮት ደፍ አይሆንም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው የላይኛው መደርደሪያ የቤቱ ሞቃት ቦታ ነውና ወደ ታች፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል አውርዱት፤ ሳጥን ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ ቁልፍ ካለው ደግሞ የተሻለ፤ ብረት ያለበት ክኒን ትንሽ ልጅ ከረሜላ መስሎት ቢውጥ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ባቲ ላይ የውሃው እንስራ አጠገብ ማስቀመጥ የሚያዋጣ ይመስላል፤ ይቀዘቅዛል፣ ግን ይረጥባል። ደሴ በክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ሲገባም ችግሩ ያው ነው። ከብልቃጡ አፍ ላይ ያለውን ጥጥ ስትከፍቱ ጣሉት፣ እርጥበት ይስባል። ትንሿን እርጥበት መጣጭ የሲሊካ ከረጢት ግን እስከ መጨረሻው ፍሬ ተዉአት። ደረቅ ክኒን መመሪያው ካላዘዘ ፍሪጅ አታስገቡ፤ ስታወጡት ጠል ይይዛል። ክኒኑን መዳፍ ላይ ሳይሆን ክዳኑ ላይ አውጡ፤ በላብ እጅ የተነካውን አትመልሱ።

ስትገዙ ከክዳኑ ሥር ያለው ፎይል ያልተቀደደ መሆኑን ሻጩ ፊት አይታችሁ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኝ አልሰጥም ያለ ሰው ነገ ዕቃውን ብትመልሱለትም አይቀበልም። የተበላሸ ካገኛችሁ ብልቃጡን ሳትጥሉ የባች ቁጥሩን ፎቶ አንሱና ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውሉ፤ ጥሪው ነፃ ነው።