ዘሩን ማሻሻል ወይስ የተሰበሰበውን ማዳን?

እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2022 8 ቢሊዮን የደረሰው የዓለም ሕዝብ በ2050 ወደ 9.7 ቢሊዮን እንደሚጠጋ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይተነብያል። ይህን ሕዝብ ለመመገብ የግብርና ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ከሚያቀርቧቸው አማራጮች መካከል የተዳቀለ ዘርና አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት ይገኙበታል።

የተዳቀለ ዘር፣ በተለይ በበቆሎ፣ ምርትን በእጅጉ ያሳድጋል። ሆኖም ሙሉ ጥቅሙ የሚገኘው ማዳበሪያና በቂ እርጥበት ሲኖር ነው፤ ከምርቱ ተቀንሶ ዳግም ቢዘራ ብርታቱ ስለሚቀንስም ገበሬው በየዓመቱ ለመግዛት ይገደዳል፤ ይህ ደግሞ ከገበሬው ይልቅ ለሻጩ ይመቻል።

የከረጢቱ አሠራር ቀላል ነው። በሚገባ የደረቀ እህል ተሞልቶ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ ነቀዙ በውስጡ የቀረውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርስና ያለ አንዳች ኬሚካል ይሞታል፤ ከወራት በኋላ ሲከፈትም ፍሬው ሳይቦረቦር ይገኛል። እርጥብ እህል ከገባበት ግን ይሻግታል፤ አይጥ ከበሳውም ከተራ ጆንያ አይሻልም።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደገመተው ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ ያህሉ ከአዝመራ በኋላ ቸርቻሪው ዘንድ ሳይደርስ ይባክናል። ስለዚህ ማሳው ጠባብ፣ ዝናቡም የማያስተማምን ለሆነበት ገበሬ ከረጢቱን አስቀድማለሁ፤ መስኖ ላለው ግን ዘሩ ወጪውን በቶሎ ይመልሳል።