ሲሰበር ማን ይወስደዋል? ዋንዛ፣ ቺፑድ፣ ብረት ወይስ ሶፋ

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ስንኖር ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን ነበረን። የጥምቀት እንግዳ ሊመጣብን ነው ብለን ጥር ከገባ በኋላ በጥድፊያ የገዛነው ነው። ሲያዩት ዋንዛ ይመስላል፤ ውስጡ ቺፑድ ነው። ሁለተኛው ክረምት ላይ ወለል ሲወለወል የሚነካው ውሃ ከእግሩ ገብቶ የታችኛውን ጠርዝ እንደ ቦካ ሊጥ ነፋው። በሩ አልዘጋም አለ፣ ማጠፊያውም ከነብሎኑ ወለቀ። የጠራነው አናጢ በአውራ ጣቱ ጫን ቢያደርገው ረገፈ። እናቴን “እትዬ፣ ሚስማሩን ምኑ ላይ ልምታው?” ብሏት ሄደ። ቆራሌው የፈለገው ልብስ መስቀያ ቧንቧውን ብቻ ነው። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆችም ጆንያ እንጂ ቁም ሣጥን አንሸከምም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሦስት ክረምት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዶሮ ሲጥልበት ኖረ።

ከዚያ ወዲህ የቤት ዕቃ ልገዛ ስሄድ አስቀድሜ የማስበው ሲሰበር ማን እንደሚወስደው ነው።

ዋንዛ ሲገዙት ያማል። የሚወደደው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ግን አንድ እግሩ ቢሰበር ሌላ ይቀጠልለታል፣ ላዩ ቢቧጠጥ ተልጎ እንደገና ቬርኒሽ ይቀባል። የአያቴ ጠረጴዛ ሁለት እግሩ ሲሄድ ላዩ ተቆርጦ ሁለት ዱካ ወጣው፤ ትርፍራፊው ለቡና ፍም ሆነ። የሚጣል ነገር አልተረፈም። ተጠንቀቁ እንጂ፣ የዋንዛ ቀለም የተቀባ ባሕር ዛፍም ዋንዛ ተብሎ ይሸጣል። በደንብ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ክረምቱ አልፎ ደረቁ ወር ሲመጣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። መሳቢያውን አውጥታችሁ ገልብጡት፤ ቬርኒሽ ያልነካው ጀርባው እውነቱን ይናገራል። ዋንዛ ለመጠኑ ቀለል ይላል፣ ባሕር ዛፍ ይከብዳል።

ቺፑድና ኤምዲኤፍ ወንድማማች ናቸው። አንዱ የእንጨት ፍርፋሪ፣ ሌላው እንደ ጥጥ የላመ የእንጨት ጭረት፣ ሁለቱም በሙጫ ተጨምቀው። ጠርዙን ብቻ እዩ፦ ሻካራና ቀዳዳ የበዛበት ቺፑድ፣ እንደ ካርቶን ልስልስ ያለው ኤምዲኤፍ ነው። ኤምዲኤፍ ብሎን በመያዝ ትንሽ ይሻላል፤ ውሃ ላይ ግን ሁለቱም አይችሉም። አንዴ የወለቀ ብሎን እዚያው ቀዳዳ ላይ መልሶ አይጠብቅም፤ ክብሪት እንጨት በኮላ ነክሮ መጠቅጠቅ ይቻላል፣ ለጥቂት ወር ያገለግላል። ታዲያ በፍጹም አትግዙ ልላችሁ ነው? አይደለም። ከመሬት ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል መደርደሪያ፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ዋጋው ልክ ነው። ምድር ቤት ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ ለሚቆም ቁም ሣጥን ግን አልመክርም፤ ከገዛችሁም ከስሩ የፕላስቲክ ወይም የብረት እግር አስገጥሙለት።

ለተከራይ ሰው፣ በየዓመቱ ቤት ለሚቀይር፣ የምመርጠው የቱቦላሬ፣ ማለትም የብረት ቱቦ አልጋ ነው። ተፈታቶ ጋሪ ላይ ይጫናል፤ የጎንደርን ዳገት በደንብ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ቢሰበር በያጅ በአሥር ደቂቃ ያጣብቀዋል፤ ብየዳም ባይመልሰው ቆራሌው በኪሎ መዝኖ ብር ሰጥቷችሁ ይሄዳል። ከፍላችሁ ሳይሆን ተከፍሏችሁ የምትገላገሉት ይሄን ነው። ስትገዙ የብረቱን ውፍረት በሚሊሜትር ጠይቁ። ስስ ከሆነ ከውስጥ ዝጎ ብየዳው ጋ ይቆረጣል።

ሶፋ ከሁሉም ያስቸግራል። ማንም አይወስደውም፤ ጨርቁ የተቀደደ፣ ስፖንጁ የሰመጠ፣ ከበር የማይወጣ። ኮንዶሚኒየም ላይ ሦስት ፎቅ ማውረዱን ደግሞ አስቡት። ይሁንና አጽሙ ደህና ከሆነ ልባስና ስፖንጅ ቀይሮ አዲስ ማድረግ አዲስ ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ስለዚህ ስትገዙ ሻጩን ይገለብጥላችሁ ዘንድ ጠይቁት፤ ከታች ያለውን ጥቁር ጨርቅ ጥግ ገልጦ እንጨቱን ያሳያችሁ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። በሩንም ሳትለኩ አትሂዱ።

የፕላስቲክ ወንበር ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በሽቦ ሰፍታችሁ ትንሽ ትገፉበታላችሁ፣ ከዚያ ለቆራሌው።

አሁን ቤታችሁ የተነፋ ቺፑድ ካለ ደግሞ፣ ማጠፊያውን፣ እጀታውንና ቧንቧውን ንቀሉ። ከላይ ያልተነፋው ክፍል ተቆርጦ መደርደሪያ ይሆናል። የቀረውን ምጣድ ስር አታስገቡት፤ ሙጫው ሲቃጠል ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። በመጋዝ አሳንሳችሁ፣ ጆንያ ከታችሁ፣ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ልጆች ትንሽ ብር ጨምራችሁ ብትሰጡ ይወስዱታል፤ እኛ ይህን ያወቅነው ከሦስት ክረምት በኋላ ነው። ከቁም ሣጥኑ ያተረፍነው መስታወቱን ነው፣ እናቴ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን የምታስተካክልበት።