ሰም ማስለቀቂያው ምን አስለቀቀ? ከጥቅምት እስከ ሰኔ በቪትዜ ላይ ያየሁት

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ተስፋ ትልቅ ነው፤ ያረጀ ሰምና የፖሊሽ ዘይት በአንድ ውልወላ ይለቃል ይላል። ከጥቅምት ጀምሮ ስጠቀምበት የደረስኩበት ይህ ነው። ዘይቱን አዎ፣ ያስለቅቃል። ሰሙን በከፊል። ላቫጆ ላይ ለዓመታት የተደራረበውን ሲሊኮን ግን ብቻውን አይችለውም። እንዲያም ሆኖ ሁለተኛ ጠርሙስ ገዝቻለሁ፤ የገዛሁበት ምክንያት ከማስለቀቅ ጋር ብዙም አይገናኝም።

ምርቱ ፓነል ዋይፕ ከሚባሉት የመኪና ገጽ መወልወያ ፈሳሾች ወገን ነው። መሠረቱ አይሶፕሮፒል አልኮል ሲሆን ግማሽ ሊትር በሚይዝ የሚረጭ ጠርሙስ ይሸጣል። እኔ ያገኘሁት ሶማሌ ተራ አካባቢ ካለ የመኪና ጌጣጌጥ ሱቅ ነው። ተመሳሳይ ነገር በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ከምርቱ ስም ይልቅ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ይዘት ማየት ይሻላል። ዱባይ ወይም አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ በሻንጣ ይዘውልኝ ይምጡ ብላችሁ አታስቡ። ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ በእጅ ቦርሳም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም።

መኪናዬ ጥቁር ሰማያዊ ቪትዝ ናት። ጥቁር ቀለም ጭረትም አቧራም አይደብቅም። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን አሮጌ መኪና ማቆየት ለብዙዎቻችን ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ሆኗል። ቀለም ለማስቀባት የሚጠየቀውን ገንዘብ የሚያውቅ ሰው የፋብሪካውን ቀለም አክርሞ መያዝ ለምን እንደሚያዋጣ አይጠፋውም።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዳ መኪና ቀለም ላይ ያለው ነገር ሰም ብቻ አይደለም። ላቫጆ ስትገቡ በዱቄት ሳሙና ይታጠባል፣ ስሩ ናፍጣ ይረጫል፣ ጥቁር ፕላስቲኩም በናፍጣ ይታሻል፣ በመጨረሻ ዳሽቦርድና ጎማ የሚቀባው የሲሊኮን ቅባት በዚያው ጨርቅ ኮፈኑ ላይ ይደርሳል። ልጆቹን አልወቅስም። ደንበኛው የሚከፍለው ሲወጣ ለሚያብረቀርቅ መኪና ነው፤ እነሱም ያንን ይሰጡታል። ችግሩ ቅባቱ ላይ የመንገድ ሥራውና የሕንፃው አቧራ ይለጠፋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እላዩ ላይ ሌላ ቅባት ይመጣል። ዓመት ሲሞላው የምታዩት የቀለሙን ሳይሆን የቅባቱን ድምቀት ነው። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ አዲስ ሰም ወይም ሴራሚክ የሚሉትን መከላከያ ሽፋን ብትቀቡ የሚይዘው ቅባቱን እንጂ ቀለሙን አይደለም፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ አብሮት ይሄዳል።

አልኮል ሁሉንም የማያስለቅቅበት ምክንያት አለው። በመኪና ሰም ውስጥ በብዛት የሚገባው ካርናውባ ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል የሚገኝ ሲሆን የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። ስለዚህ በሙቅ ውሃ ማጠብ አያቀልጠውም፤ ቀዝቃዛ አልኮልም በደንብ አያሟሟውም። አልኮል የሚችለው ፖሊሽ ውስጥ ያሉትን ቀላል ዘይቶች፣ የናፍጣውን ስስ ሽፋን፣ የጣት ቅባቱንና ያረጀውን ሰም የላይኛውን ክፍል ነው። ሰምን በደንብ የሚያሟሙት ከነዳጅ የሚወጡ እንደ ነጭ ስፒሪት ያሉ ፈሳሾች ናቸው። እነሱን ግን እኔ ሬንጅ ለማንሳት ብቻ፣ ትንሽ ቦታ ላይ፣ ወዲያው እያጠብኩ ነው የምጠቀምባቸው። ቲነር ቀለም ላይ እንዳይደርስ! ቀለሙን ራሱን ያነሳዋል።

ስለዚህ ጠርሙሱን ብቻውን ትቼ በቅደም ተከተል መሥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ በመኪና ሻምፖ ወፈር ባለ አረፋ ማጠብ። ከዚያ እጅን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብቶ እርጥቡን ቀለም መዳሰስ፤ በባዶ እጅ የማይሰማው ሻካራነት በፌስታሉ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ሻካራ ከሆነ የተቀበረ ቆሻሻ አለ ማለት ነው፤ ይህን አልኮል አይነካውም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ክሌይ የሚሉት ሊጥ መሳይ ነገር ነው። ሻምፖ የተቀላቀለበት ውሃ እየረጩ ሳይጫኑ ማንሸራተት ነው። አብዛኛውን አሮጌ ሰምም አብሮ ይዞት የሚሄደው እሱ ነው። መሬት ከወደቀ መጣል ነው እንጂ አጥቦ መመለስ የለም፤ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ኮፈኑን ሙሉ ይጭራል። ማስለቀቂያው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። ጥላ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ቀለም ላይ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ስንዝር የሚሆን ቦታ ብቻ፣ በአንድ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ወልውሎ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ።

ሰሙ መልቀቁን ብዙ ሰው የሚፈትሸው ውሃ ረጭቶ ነው። ውሃው ዶቃ ዶቃ ከሠራ ሰም አለ፣ ተዘርግቶ ከፈሰሰ ለቋል ይባላል። በግማሽ ልብ ነው የምቀበለው። ቆሻሻ የሸፈነው ሰምም ውሃ ሲያርፍበት ዶቃ አይሠራም። የኔ ጣሪያ ከመታጠቡ በፊት ውሃው ዝርግ ብሎ ይፈስበት ነበር፤ ጥሩ አድርጌ ሳጥበው ዶቃው ተመለሰ። ሰሙ ያኔም እዚያው ነበር ማለት ነው። ፈተናውን አጥባችሁ፣ በክሌይ አልፋችሁ፣ በማስለቀቂያው ወልውላችሁ ስታበቁ ብትሠሩት ነው የሚታመነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጠርሙስ ልምጣ። ታኅሣሥ አካባቢ መኪናዬን አንድ ጋራዥ ወስጄ በማሽን ፖሊሽ አስደረግሁ። ስረከባት መስታወት ሆናለች፣ የላቫጆ ስፖንጅ የተወው ክብ ክብ ጭረት አንድም አይታይም። ባለሙያው ሒሳብ ከመቀበሉ በፊት የኮፈኑን አንድ ጥግ በዚህ ፈሳሽ ወለወልኩና የስልኬን መብራት አበራሁበት። ጭረቶቹ እንዳሉ ናቸው። ሰውየው ሳቅ ብሎ «ጋሼ፣ ፀሐይ ላይ እኮ አይታይም» አለኝ። ተናዶ አልነበረም፣ እንዲያውም ሥራውን ሁሉም ደንበኛ እንደዚያ እንደሚወደው አስረዳኝ። እውነቱን ነው። ፖሊሽ አንዱ ቀለሙን በጥቂቱ ቆርጦ ጭረቱን የሚያጠፋ፣ ሌላው ጭረቱን በዘይትና በሰም የሚሞላ አለ፤ የሚሞላው ርካሽና ፈጣን ነው፣ እስኪታጠብ ድረስም ያምራል። ከቀለሙ በላይ ያለው፣ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ሽፋን ውፍረት በፋብሪካ ቀለም ላይ በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ መቁረጥም አይመከርም። መሙላቱ ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ የመቁረጥ ሒሳብ መክፈሉ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ቦታ ፖሊሽ ሳስደርግ ከመክፈሌ በፊት አንድ ጥግ እንደምወለውል አስቀድሜ እናገራለሁ። የሥራው ጥራት ሲለወጥ ዓይኔ አይቷል።

የማስለቀቂያው ዋጋ ይወደዳል፣ አልደብቅም። ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 ከመቶ አልኮል አንድ እጅ ከሦስት እጅ የተጣራ ውሃ ጋር ብትቀላቅሉት 17 ከመቶ ገደማ ይሆናል፤ ለመፈተሻ ያህል ይበቃል። ሞክሬዋለሁ፣ ለትንሽ ቦታ ልዩነቱ ጠባብ ነው። ለሙሉ መኪና ግን የተገዛው ይሻላል፤ ውስጡ የሚያንሸራትት ነገር ስላለበት ጨርቁ ቀለሙ ላይ እየተያዘ አያስቸግርም። ቤት የቀረ የኮሮና ጊዜ ሳኒታይዘር አትጠቀሙ። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ቀመር እጅ እንዳይደርቅ 1.45 ከመቶ ግሊሰሪን አለበት፤ ልታስለቅቁ ሄዳችሁ ሌላ ሽፋን ቀብታችሁ ትመለሳላችሁ።

ያልወደድኩት ነገርም አለ። በበጋ፣ በተለይ ጥርና የካቲት ላይ፣ ፈሳሹ ጨርቁ ሳይደርስበት ይደርቃል። ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በደረቅ ነፋስ የምንኖር ሰዎች ስለሆንን ከማለዳ ውጭ አልሠራም። መርጫው ከጊዜ በኋላ መንጠባጠብ ጀመረ፣ ወደ ሌላ ጠርሙስ ገለበጥኩት። ሽታው ዝግ ጋራዥ ውስጥ ራስ ያዞራል። የአይሶፕሮፒል አልኮል ትነት በ12 ዲግሪ ገደማ እንኳ እሳት ሊይዝ ስለሚችል መኪና ውስጥ አስቀምጦ ፀሐይ ላይ ማቆም አይገባም፤ ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ ካለም ራቅ ይበል።

ዳግም የተቀባ ቦታ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። የእኔ የፊት ፓራውልት ከኔ በፊት በነበረው ባለቤት ጊዜ የተቀባ ነው፤ በር ከፍታችሁ ከውስጥ እንደምትፈትሹት ሁሉ የማይታይ ጠርዝ ላይ ቀድሜ ሞክሬ ነው የቀጠልኩት። ርካሽ ቀለም ከሆነ ጨርቁ ቀለም ይዞ ይነሳል። ነጭ ቶዮታ ያላችሁ ግን ጨርቁ ቢነጣ ወዲያው አትደንግጡ። 040 የሚል የቀለም ኮድ ያላቸው ብዙዎቹ ነጭ ቶዮታዎች ከላይ ክሊር ሽፋን የላቸውም፤ ፀሐይ ያደረቀው የቀለሙ ዱቄት ነው የሚነሳው። የጎረቤቴ ኮሮላ ላይ ያየነው ይህንኑ ነው፤ እሱ ለሰፈሩ ሁሉ ማስለቀቂያው ቀለም ይልጣል ብሎ አስወራብኝ።

ያገለገለ መኪና ለመግዛት ስሄድም ጠርሙሱ አብሮኝ ይሄዳል። ለሽያጭ የቀረበ መኪና ፖሊሽ ሳይደረግ አይቀርብም፤ አንድ ጥግ ሲወለወል ስር ያለው ጭረት፣ የደበዘዘ ክሊር ወይም ከጎኑ በር ጋር የማይገጥም ቀለም ራሱን ያሳያል። ከመወልወላችሁ በፊት ግን ሻጩን አስፈቅዱ፤ ቀለሙ ርካሽ ሆኖ ጨርቁ ላይ ቢነሳባችሁ ገና ያልገዛችሁት የሰው ንብረት ነው።