ያገለገለ ዲሎን 550 የጥይት መሙያ ማሽን፣ ይገዛል ወይ?

እዚህ አሜሪካ የተኩስ መለማመጃ ሬንጅ የምታዘወትሩ ሰዎች ያገለገለ ዲሎን አርኤል 550ቢ (የተተኮሰ ቀለሃን እንደገና ሞልቶ ጥይት የሚያደርግ ማሽን) በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ ግዙት ነው የምለው። እኔ ከግለሰብ ስገዛው ግሪሱ ደርቆ የፕራይመር (ባሩዱን የሚለኩሰው ከቀለሃው ስር ያለ ትንሽ ክፍል) ጥላሸት ከስር ተጋግሮበት ነበር፣ ፈታትቼ አጽድቼ ግሪስ ቀብቼ ወፍራም ጠረጴዛ ላይ በቡሎን ሳስረው ግን ልክ እንደ አዲስ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ አትሰስቱ፣ ከተነቃነቀ ፕራይመሩ እኩል አይገባም።

ማሽኑ አራት የስራ ቦታ አለው። አንደኛው ቀለሃውን ያስተካክልና አሮጌውን ፕራይመር አውጥቶ አዲሱን ያስገባል፣ ሁለተኛው ባሩድ ይጨምራል፣ ሶስተኛው አረሩን ያስቀምጣል፣ አራተኛው አፉን ያጠብቃል።

ዋናው ነገር ቀለሃዎቹን ከቦታ ቦታ የምታሻግረውን ከስር ያለችውን ሳህን በእጅ ነው የምታዞሯት፣ ሌላው የዲሎን ሞዴል 650ው ነው ራሱ የሚያዞረው። ስለዚህ ስልክ እያወራችሁ በጭራሽ እንዳትሰሩ! ሳታዞሩ እጀታውን ደግማችሁ ከሳባችሁ አንዱ ቀለሃ ሁለቴ ባሩድ ይወስዳል፣ ያ ደግሞ ሽጉጡን እጃችሁ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል፣ ባሩድ ካልወረደ ደሞ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀርና ቀጣዩ ተኩስ አደጋ ነው። እኔ ትንሽ መብራት ገጥሜለት አረር ከማስቀመጤ በፊት እያንዳንዱን ቀለሃ ውስጡን አያለሁ፣ በየመሀሉም ባሩዱን ሚዛን ላይ አደርጋለሁ።

የወደድኩለት ደግሞ የዲሎን የዕድሜ ልክ ዋስትና ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ አለመሆኑ ነው። በወር አንዴ ብቻ ለምትተኩሱ ግን ሲንግል ስቴጅ (በአንድ ጊዜ አንድ ስራ ብቻ የሚሰራ ማሽን) ይበቃችኋል።